ጣራው የማን ነው? ስለ አንድ የጋራ ሕንፃ አስተዳዳሪ

ማዕረግን መንግሥት ይሰጣል፤ ዲፕሎማን ትምህርት ቤት ይሰጣል። ከሁለቱም ያልተገኘ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ «እርስዎ ይሁኑልን» በማለት ብቻ በሰው ትከሻ ላይ የሚጭነው ሥራ ግን በአዲስ አበባ እየበዛ ሄዷል። በዚህ ሳምንት የምናነሣው እንዲህ ካለው ሥራ አንዱን፣ ይኸውም የጋራ ሕንፃ አስተዳዳሪነትን ነው።

አስቀድመን ስለ ስሙ ጥቂት እንበል፤ ከአንባቢዎቻችን መካከል አማርኛን በመማር ላይ ያሉ የመሥሪያ ቤት ሰዎች እንደሚገኙ እናውቃለንና። ሕጉ ይህን ዓይነቱን ቤት «የጋራ ሕንፃ» ይለዋል። ሕዝቡ ግን «ኮንዶሚኒየም» የሚለውን የውጭ ቃል ተቀብሎ የራሱ አድርጎታል፤ ሲቸኩልም «ኮንዶ» ብሎ ያሳጥረዋል። አንዱ ሕንፃ «ብሎክ»፣ ብዙ ብሎኮች የቆሙበት ሥፍራ «ሳይት» ይባላል። «ኮንዶ ደረሰኝ» የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ፣ ዕጣ ወጣልኝ ማለቱ ነው እንጂ ቤቱ በእግሩ መጥቶ ደረሰ ማለቱ አይደለም። አስተዳዳሪውንም ነዋሪው በሕጉ ስም አይጠራውም፤ «ኮሚቴ» ይለዋል። ኮሚቴ የብዙ ሰዎች ጉባኤ መጠሪያ መሆኑ ቀርቶ የአንድ ሰው ስም ሆኗልና «ኮሚቴ መጡ»፣ «ኮሚቴን ጠይቋቸው» ሲባል ይሰማል። ይህም ያለ ምክንያት አይመስለንም። ኮሚቴው ሲመረጥ አምስት ወይም ሰባት ሰው ይሆናል፤ ዓመት ሳይሞላ ግን አንዱ ሥራ በዛብኝ ይላል፣ ሌላው ቤቱን አከራይቶ ይሄዳል፣ ደብተሩም በመጨረሻ ከአንድ ሰው እጅ ላይ ይቀራል።

የጋራ ሕንፃ ባለቤትነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 370 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የከተማው አስተዳደር በሰፊው ቤት መሥራት ጀመረ፤ በ1997 ዓ.ም. ቤት ፈላጊው ሕዝብ ተመዘገበ፤ በ2005 ዓ.ም. ምዝገባው እንደገና ተካሄደ። በጎተራ፣ በጀሞ፣ በሰሚት፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በቦሌ አራብሳ የቆሙትን ሕንፃዎች የተመለከተ ሰው የነገሩን ስፋት ለመገመት አያዳግተውም። ከነዚህ ሕንፃዎች ብዙዎቹ ከምድር ቤት በላይ አራት ፎቅ ያላቸው፣ በብሎኬትና በኮንክሪት የታነጹ፣ ሊፍት የሌላቸው ናቸው። ከቀበሌ ቤት፣ ከጭቃ ቤትና ከግቢ ኑሮ የወጣ ሕዝብ በአንድ ጊዜ አንዱ ከሌላው ራስ በላይ መኖር ጀመረ።

በግቢ ኑሮ ጊዜ ነገሩ ቀላል ነበር። ጣራው ያፈሰሰበት ሰው ጣራውን ይደፍናል፤ አጥሩ የወደቀበት አጥሩን ያቆማል። በጋራ ሕንፃ ግን ከየቤቱ በር ወደ ውስጥ ያለው የባለቤቱ ሲሆን፣ ከበሩ ወዲህ ያለው ሁሉ፣ ማለትም ደረጃው፣ መተላለፊያው፣ የፍሳሹ መስመር፣ ግቢውና ጣራው የሁሉም ነው። የቤቶቹ ባለቤቶች ማኅበር ያቋቁማሉ፤ ማኅበሩም መዋጮ እየሰበሰበ የጋራውን ያስጠብቃል፣ ያሳድሳል። በወረቀት ላይ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር የለም። ችግሩ የሚመጣው፣ «የሁሉም ነው» የተባለው ነገር በተሰበረ ቀን ሁሉም ሌላውን ሲመለከት ነው።

በአንዱ ሳይት የምናውቃቸው አስተዳዳሪ አሉ። ስማችሁን አትጥሩብኝ ብለው ስለ ለመኑን አንጠራውም። «ስሜ ከወጣ፣ መዋጮ ያልከፈለው ሁሉ ስለ እርሱ የተጻፈ ይመስለዋል» ነው ያሉን። ብሎካቸው 32 መኖሪያ ቤቶችና በምድር ቤት 6 ሱቆች አሉት። እርሳቸው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የግምጃ ቤት ሠራተኛ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ማኅበሩ ለድካማቸው በየወሩ ጥቂት አበል ይሰጣቸዋል። የመንግሥትን ንብረት አሠራር የሚያውቁ አንባቢዎቻችን ሞዴል 19 ዕቃ ሲገባ፣ ሞዴል 22 ዕቃ ሲወጣ የሚቆረጥ መሆኑን አይስቱትም። ሰውዬው ከመሥሪያ ቤቱ ቢወጡም እነዚህ ሁለት ሞዴሎች ከእርሳቸው አልወጡም። ለደረጃው አንድ አምፖል ሲገዙ ዋጋውን፣ ቀኑንና የተሰቀለበትን ፎቅ ይጽፋሉ፤ የተቃጠለውንም አምፖል አይጥሉም፣ በካርቶን ያስቀምጡታል። ለምን እንደሆነ ብንጠይቃቸው፣ «አዲሱ ለምን እንደ ተገዛ ምስክሩ አሮጌው ነው» ሲሉ መለሱልን። እኛ በመጀመሪያ ፈገግ ብለን ነበር። ከእርሳቸው በፊት ደብተሩን ይዞ የነበረው ሰው አንድ ገጽ ሒሳብ እንኳ ሳያስረክብ መሄዱን ከነዋሪዎቹ ከሰማን በኋላ ግን የአምፖሎቹ ነገር ገባን።

የሥራቸው ቀን የሚጀምረው በሌሊት ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ ፈረቃውም ብዙ ጊዜ ሰው በተኛበት ሰዓት ስለሚውል፣ ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ቧንቧው አየር ሲተፋ ሰምተው ይነሣሉ። የውሃው ኃይል አራተኛ ፎቅ ድረስ አይወጣምና በምድር ያለውን ሮቶ ሞልተው በፓምፕ ወደ ላይ መግፋት አለባቸው። ሮቶ የአንድ ፋብሪካ ምልክት ስም ሲሆን፣ ዛሬ ማናቸውም የፕላስቲክ የውሃ ማጠራቀሚያ በዚሁ ስም ይጠራል። ፓምፕ ውሃ በሌለበት ቢሠራ ይቃጠላል፤ ስለዚህ አስነሥቶ ወደ መኝታ መመለስ አይቻልም፣ ካጠገቡ ቆሞ መጠበቅ ነው። ሲነጋ የጽዳቷን ሠራተኛ፣ ቆሻሻ የሚያነሡትን ወጣቶች፣ ተረኛውን ዘበኛ ያያሉ። ከዚያ በኋላ አቤቱታው ይጀመራል። ከላይ የተጣለ ጨርቅ መስመሩን ዘግቶ ከታች ባለው ቤት ፍሳሽ ገንፍሏል፤ የሦስተኛ ፎቅ ልጆች ኳስ በመተላለፊያው ላይ ይጠልዛሉ፤ አንዱ ለፋሲካ በግ ገዝቶ በበረንዳው ላይ አሥሮት በጉ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል። ለማረድና ልብስ ለማጠብ፣ እንጀራ ለመጋገርም እንዲያገለግል ለብቻው የሚሠራ የጋራ መገልገያ ሕንፃ አለ፤ በአንዳንድ ሥፍራ ግን ተከራይቶ ሱቅ ሆኗልና በጉ የሚታረደው በየት እንደሆነ መናገር ለአስተዳዳሪው ይቀርለታል።

ወደ መሥሪያ ቤት መመላለሱም አለ። ውሃው ሲቋረጥ፣ የጋራው ቆጣሪ ሒሳብ ሲበዛ፣ የፍሳሽ መምጠጫው መኪና ሳይመጣ ሲቀር፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዘው ይሄዳሉ። እዚህ ላይ ለአንባቢዎቻችን አንድ ቃል ለመናገር እንወዳለን። አማርኛ የሚማር የመሥሪያ ቤት ሰው ፈጥኖ ከሚይዛቸው ዓረፍተ ነገሮች አንዱ «ነገ ይምጡ» የሚለው ነው፤ አጭር ነው፣ ለአነጋገርም አያስቸግርም። ሆኖም በቢሮው በር ላይ የካርቶን ፋይል የታቀፈ ሽማግሌ ቢያይ፣ ያ ሰው የመጣው ስለ ራሱ ቤት እንዳይደለ፣ ነገ ሲመጣም ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ተነሥቶ መሆኑን ያስብለት።

የመዋጮው ነገር ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። በዚያው ብሎክ የሚኖሩ ሰዎች ለእድር ሲከፍሉ አንድ ቀን አያሳልፉም። ለእድር የዘገየ መቀጫ ይከፍላል፤ ዳኛውና ጸሐፊው ይከበራሉ፤ ገንዘብ ያዡን ማንም በጥርጣሬ ዓይን አያየውም። ለጋራው ሕንፃ መዋጮ ሲጠየቁ ግን እነዚያው ሰዎች «ለምኑ?» ይላሉ። አስተዳዳሪው ይህን ሲያስረዱን፣ «ሞት በየቤቱ እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል፤ ዝገት በየቤቱ እንደሚገባ ግን ገና አላወቀም» አሉን። እርሳቸውም የእድሩን ወግ ወደ ሕንፃው አመጡት። መዋጮ የሚቀበሉት በወሩ የመጀመሪያ እሑድ፣ በግቢው ጠረጴዛ አውጥተው፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው። የከፈሉትን ስም ጮኽ ብለው ያነባሉ፤ ያልከፈሉትን አያነቡም። ያልተነበበ ሰው ራሱን ያውቃል።

አሁን ወደ ጣራው እንምጣ። ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር በአራተኛ ፎቅ በሚኖሩ አንዲት ባልቴት ቤት ዝናብ ገባ። መጀመሪያ በኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ታየ፤ ቀጥሎ ጠብታ ሆነ፤ በነሐሴ አልጋቸውን ወደ ሳሎን አወጡት። አስተዳዳሪው ጣራው ላይ ወጥተው ምክንያቱን አገኙት። በቆርቆሮው ላይ የተተከለው የቴሌቪዥን ዲሽ ቁጥር ከቤቱ ቁጥር የሚያንስ አልነበረም። ዲሽ ሠሪው ቆርቆሮውን ይረግጠዋል፣ ይበሳዋል፣ እግሩን በብሎን ያሥረዋል፤ ባለቤቱ ሲለቅ ዲሹን ነቅሎ ይሄዳል፣ ቀዳዳው ይቀራል። አሸንዳውም በቁራ ጎጆና በላስቲክ ተደፍኖ ውሃው ወደ ኋላ ይመለስ ነበር። እንግዲህ ዲሹ የየግል ነው፣ ቀዳዳው ግን የጋራ ሆነ።

ማኅበሩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰበ። ከምድር ቤት ሱቆች የአንዱ ባለቤት፣ ንግግር የሚያውቁ ሰው ናቸው፣ ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ «እኔ የምሠራው በምድር ነው። በላዬ አራት ፎቅ አለ። የእኔ ጣራ የአንደኛው ፎቅ ወለል ነው፤ እርሱም አያፈስም። ስለማያፈስብኝ ጣራ ለምን እከፍላለሁ?» ጉባኤው ጸጥ አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማ ሰው ንግግሩ ሚዛን የሚደፋ ይመስላል። የታችኞቹ ፎቆች ሰዎችም ራሳቸውን መነቅነቅ ጀምረው ነበር።

ባልቴቲቱ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ መለሱ፦ «ልጄ፣ አምና የሽንት ቤቱ መስመር ሱቅህ ውስጥ ሲገነፍል እኔ ከፍዬአለሁ። ከአራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ነው የከፈልኩት። ሽታው እንኳ አልደረሰኝም ነበር።»

አስተዳዳሪው ምንም አልጨመሩም። ደብተሩን ገልጠው የዚያን ጊዜውን ገጽ ፈለጉና ለመስመር ጥገና የከፈሉትን ሰዎች ስም ከነቀኑ አነበቡ። የባልቴቲቱ ስም ከላይ ሦስተኛ ነበር። ባለ ሱቁ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ድርሻቸው ስንት እንደሆነ ጠየቁ። እኛ በዚያ ጉባኤ በእንግድነት ተቀምጠን ነበር፤ ከንግግር ሁሉ ይልቅ አንድ መስመር ጽሕፈት ሰውን ሲያስማማ ስናይ፣ የግምጃ ቤት ሥራ ደረቅ ነው የሚሉ ሰዎች በዚያ ቢገኙ ኖሮ ብለን ተመኘን።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አላበቃም። ድምፅ የሚሰጠው የቤቱ ባለቤት ነው፤ በቤቱ የሚኖረው ግን ብዙ ጊዜ ተከራይ ነው። ከባልቴቲቱ ጎን ያለው ቤት ዝናቡ በልጆቻቸው አልጋ ላይ የሚወርድባቸው ባልና ሚስት ተከራይተውታል፤ በጉባኤው ግን ቃል አልነበራቸውም። ባለቤቱ የሚኖሩት በዋሽንግተን ነው። ሌሎችም በጅዳ፣ በዱባይ፣ ወይም በዚሁ ከተማ በሌላ ሰፈር አሉ። አስተዳዳሪው የየአገሩን ሰዓት በደብተራቸው ሽፋን ላይ ጽፈው በስልክ ይፈልጓቸው ጀመር፤ ለዋሽንግተኑ በዚህ ማታ፣ ለዱባዩ በጠዋት። «ተከራዩ ይክፈል» ያሉ ነበሩ። «ቤቱን ልሸጠው ስለሆነ አይመለከተኝም» ያሉም ነበሩ። ከሁሉ ቀድማ ድርሻዋን የላከችው በዱባይ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት ሴት ናት። ቤቷን ከቁልፍ ርክክቡ ቀን በኋላ አይታው አታውቅም። ገንዘቡን ስትልክ ጣራው ከተሠራ በኋላ ፎቶግራፍ እንዲላክላት ብቻ ጠየቀች።

ሥራው በሰኔ፣ ከዝናቡ አስቀድሞ ተጠናቀቀ። የተበሳው ቆርቆሮ ተለወጠ፣ አሸንዳው ጸዳ፣ ዲሾቹም ከጣራው ወርደው በግድግዳው ላይ በታሠረ የብረት ማቀፊያ ላይ ተሰቀሉ። የጣራው ወጪ በሁሉም ላይ ተከፈለ፤ ዲሽ የማዛወሩን ወጪ ግን እያንዳንዱ ባለ ዲሽ በግሉ ቻለ። ይህ አከፋፈል ትክክለኛ ነው ብለን እናምናለን፤ ቀዳዳውን ማን እንዳበዛው ሲመረመር ቢኖር ኖሮ ባልቴቲቱ ሁለተኛ ክረምት በሳሎን ያድሩ ነበርና። አራት ቤቶች እስከ ዛሬ አልከፈሉም። ስማቸው አይነበብም።

ስለ ሥራቸው ይህን ያህል ካልን ዘንድ፣ ከሥራ ውጪ ምን እንደሚወዱ ሳንጽፍ ብንቀር የቤተሰቡ ገጽ አንባቢዎች ይወቅሱናል። ሁለት ነገር ይወዳሉ። አንደኛው ችግኝ ነው። ባዶ የቀለም ቆርቆሮዎችን ሰብስበው ሥራቸውን በሚስማር በስተው አፈር ሞልተው የጽድ፣ የወይራና የዝግባ ችግኝ ያፈላሉ። ባሕር ዛፍ አያስጠጉም። ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ለምን አይተክሉም ብንላቸው፣ ሥሩ ውሃ ፍለጋ ወደ ፍሳሹ መስመር እንደሚገባ ነገሩን፤ ከሥራቸው የወጣ ሰው እንዳልሆኑ በዚህም ታየን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ግቢ ለችግኝ የሚተርፍ ስለሌለ፣ ነዋሪዎቹ የልብስ ማለቅለቂያ ውሃቸውን በባልዲ ያወርዱላቸዋል። ለየሕፃኑ አንድ አንድ ቆርቆሮ አስረክበዋል፤ በመተላለፊያው ኳስ ይጠልዙ የነበሩት የሦስተኛ ፎቅ ልጆች የደረሳቸው ሁለት ዝግባ ነው። ልጆቹ «አባባ ኮሚቴ» እያሉ ይጠሯቸዋል።

ሁለተኛው ዳማ ነው። በየማታው አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን በዘበኛው ቤት ደጃፍ ሰሌዳው ይዘረጋል፤ ጠጠሩ የለስላሳና የቢራ ጠርሙስ ቆርኪ ነው፣ አንዱ በፊቱ፣ ሌላው በጀርባው ተገልብጦ ይደረደራል። በዚህ ጨዋታ የእርሳቸው ተወዳዳሪ፣ ብዙ ዓመት ሲያሸንፏቸውና ሲሸነፉላቸው የኖሩት ሰው፣ እነዚያው ስለ ጣራው የተከራከሩት ባለ ሱቅ ናቸው። የጣራው ክርክር በተነሣ ማግሥት አስተዳዳሪው ሰሌዳውን አጠፉት። ባለ ሱቁ ተቀይመው አልነበረም፤ ማታ ማታ ቡናውን አስፈልተው ይጠብቋቸው ነበር። ሆኖም ሰውዬው ይህን አሰቡ፦ ለባለ ሱቁ ድርሻ ቢቀነስላቸው «ዳማ ላይ ተስማምተው ነው» ይባላል፤ ቢጨመርባቸውም «ዳማ ስለ ተሸነፈ ነው» ይባላል። በመዋጮ የሚተዳደር ሰው ከስሙ በቀር ሌላ ንብረት የለውም። ባለቤታቸው ግን በነገሩ አልተደሰቱም። «ከጡረታ ወዲህ የሚስቅበት ሰዓት እርሷ ብቻ ነበረች፤ እርሷንም ለጣራ ሰጣት» ሲሉ ነገሩን።

ጣራው ካለቀ ጥቂት ወራት አልፈዋል፤ ዳማው ግን ገና አልተጀመረም። የቆርቆሮው ሒሳብ በተመረጡ ሦስት ሰዎች ተመርምሮ በመጪው ወር የመጀመሪያ እሑድ በጉባኤው ፊት ይነበባል፤ እስከዚያ ድረስ አልጫወትም ብለዋል። ባለ ሱቁም ከመርማሪዎቹ አንዱ ሆነው ተመርጠዋል። ሰሌዳው በዘበኛው ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ለዘበኛው ሲያስረክቧቸው 24ቱን ቆርኪ አንድ በአንድ ቆጥረው አስፈርመዋቸዋል።